ኳሱ በማን ሒሳብ ነው?

ጎልፍ የሚያስተምር ሰው ሰዓት ቆጥሮ ያስከፍላል። ተማሪው ከፍሎ ወደ መለማመጃው ሜዳ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል፤ በቅርጫት ተሞልቶ የሚሸጥ ኳስ። አንዳንዱ አስተማሪ «ኳሱ በእኔ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አንተ የከፈልከኝ ለማውቀው ነገር ነው፣ ኳሱን ከሜዳው ባለቤት ግዛ» ብሎ እጁን ያጣጥፋል። በዚህ ነገር ጎልፍ ተጫዋቾች ሲነታረኩ ይውላሉ።

«እኛ ደግሞ በጎልፍ ምን አገባን?» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ። አብዛኞቻችን ለጎልፍ ያለን ቅርበት በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር በውጭ በኩል በታክሲ ማለፍ ነው (አዎ፣ ግቢው ውስጥ የጎልፍ ሜዳ አለ)። ጥያቄው ግን የጎልፍ ብቻ አይደለም። ትምህርት በተሰጠበት ሁሉ በልምምድ የሚያልቅ ነገር አለ፤ ኳስ፣ ብራና፣ ቀለም፣ ደብተር፣ ኩራዝ፣ ዳቦ። የአስተማሪው ዋጋ ሲነገር ይኼ ነገር ውስጡ አለ ወይስ የለም? እኔ ይኼን ጥያቄ ይዤ ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ነው የወጣሁት፤ ምክንያቴን ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ግን የኳሱን ታሪክ ልጨርስ፣ ደስ ስለሚል።

ስኮትላንድ ውስጥ የድሮው የጎልፍ ኳስ ከቆዳ ነበር የሚሰፋው። ቆዳው ውስጥ የተቀቀለ የወፍ ላባ በኃይል ይጠቀጠቅበታል፤ ሲደርቅ ላባው ይነፋና ድንጋይ ያክላል። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚያወጣው ሦስት ወይም አራት ኳስ ቢሆን ነው። ዝናብ ከመታው ስፌቱ ይለቃል፣ በብረት ሳቱት ማለት ይተረተራል። ስለዚህ ኳሱ ውድ ነበር፣ ጨዋታውም የባለገንዘብ። የዚያን ጊዜ አስተማሪ ደግሞ ኳስ ሠሪም ነበር። በሴንት አንድሩስ ከተማ ስመ ጥር የነበረው አለን ሮበርትሰን ለጌቶች ጨዋታ ያሳያል፣ አብሯቸውም ይጫወታል፤ እንጀራው ግን ከላባው ኳስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ የሚባል የዛፍ ሙጫ ከወደ ማላያ መጣ። በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል፣ በእጅ ይድቦለቦላል፣ ቢበላሽ እንደገና አሙቆ መሥራት ይቻላል። ዋጋው ከላባው ጋር አይነጻጸርም። ሮበርትሰን በጣም ተናደደ። አብሮት ይሠራ የነበረው ቶም ሞሪስ በአዲሱ ኳስ ሲጫወት አይቶት ተጣሉ፤ ሞሪስም የራሱን ሥራ ጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ደግሞ ወደ ፕሬስትዊክ ሄደ። ዛሬ የጎልፍ ታላቅ አባት እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው። ሁለት ወዳጆችን ያጣላው የአመታት ዘዴ ወይም የማስተማር ፍልስፍና እንዳይመስላችሁ። የኳሱ ዋጋ ነው! ኳሱ ሲረክስ ነው ጨዋታው ከጌቶች እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ሰው መውረድ የጀመረው።

እኛ አገር የዚህ ጨዋታ ዘመድ አለን፤ ገና። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ የምትሠራ ሩር፣ የታጨደ ሜዳ። በዋግም በላስታም በሌላውም ደጋ እረኛው ዱላውን ራሱ ከጫካ ይቆርጣል፣ ሩሯንም ራሱ ይጠርባታል። አስተማሪ የለም፤ ታናሹ ታላቁን እያየ ይለምዳል። በዚያ ቀን ጌታም ቢመታ አይቆጣም የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑት አንዱ ምክንያት ሁለቱም ለኳስ የሚከፍሉት ስለሌለ ይመስለኛል። (ይኼ የእኔ አስተያየት ነው፣ የታሪክ ሊቃውንት ላይ አታላክኩት።)

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንግባ።

በዋግ ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቆሟል፤ አካባቢው ራሳቸውን ከዛግዌ ነገሥታት ዘር የሚቆጥሩት ዋግ ሹሞች ሲያስተዳድሩት የኖረ ነው። ከእነሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። እንዲህ ባለ አገር ዳዊት የሚደግም፣ ድጓ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። ታዲያ ሒሳቡ እንዴት ነበር የሚሠራው?

የኔታ በሰዓት አያስከፍሉም። እንዲያውም የተወሰነ ክፍያ የሚባል ነገር የለም። ደብሩ መሬት ወይም ድርጎ ይሰጣቸዋል፣ ተማሪው ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ እንጨት ይሰብርላቸዋል። ልጁ ዳዊት ሲደግም አባቱ ድግስ ደግሶ እንደ አቅሙ ይሰጣል። ትምህርቱ ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ኳሱ ግን… ኳሱ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ሒሳብ ነው።

ምግቡን አስቡት። ቆሎ ተማሪ የተባለው በምክንያት ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። ውሻ ይነክሰዋል፤ ቁራሹ ይደርቃል፤ ጠዋት ቀለም ሊቀጽል የሚቀመጠው ያንን ኮቾሮ በልቶ ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚማረው ከትውልድ ቀዬው ርቆ ነው፤ ከእናት ቤት እየበሉ መማር ያዘናጋል ይባላል። ስለዚህ የዋጉ ልጅ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጎጃም ይሻገራል፣ የጎጃሙ ደግሞ ወደ ሌላ። ማን ከፈለ ካላችሁኝ፣ መንደሩ ነው የከፈለው። ስሙን እንኳን የማያውቀው ልጅ አንድ ቀን ለሌላ አገር ደብር ድጓ እንዲመራ አንዲት የዋግ ባልቴት ከማሽላ እንጀራዋ ቆርሳ ሰጠችው። እኔ ይኼን የትምህርት ግብር እለዋለሁ፣ ደረሰኝ አይቆረጥበትም እንጂ።

ከዚያ ብራናው አለ። ዋግ የፍየል አገር ነው፤ የአበርገሌ ፍየል የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ቆላ ነው። የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በመወጠሪያው ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይፋቃል። ለአንድ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ቆዳ የአንድን ደኻ ገበሬ መንጋ ይጨርሳል። የድጓ ተማሪ ደግሞ ከመምህሩ መጽሐፍ እየገለበጠ የራሱን ድጓ መጻፍ ይጠበቅበታል፤ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ከላዩ ያለውን ምልክት ሁሉ። ቀለሙንም ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ የተቆላ እህል፣ ቅጠላ ቅጠል ተደባልቆ ለወራት ይቀመጣል። ብዕሩ መቃ ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀረጽ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ላንሳ። አማርኛ ለማጥቆሪያውም ለዕውቀቱም ያለው ቃል አንድ ነው፤ ቀለም። «የቀለም ትምህርት» እንላለን፣ «ቀለም ይገባዋል» እንላለን። ቋንቋው ራሱ ትምህርቱን ከመሣሪያው ለይቶ ሒሳብ መሥራት አልቻለም። ጎልፍ ተጫዋቾቹ አማርኛ ቢችሉ ኖሮ ግማሹ ንትርክ ይቀርላቸው ነበር።

ታዲያ የድሮው ነገር ሁሉ ማር ነበር ብዬ ላሞኛችሁ አልፈልግም። (ማሩስ አለ፣ የሰቆጣ ነጭ ማር!) ትምህርቱ ነጻ ስለሆነ ሁሉም ተማረ ማለት አይደለም። ፍየል የሚጠብቅለት ሌላ ልጅ የሌለው ገበሬ ልጁን አይለቅም። ሴት ልጅ ደግሞ አኮፋዳ አንግታ በየመንደሩ መዞር፣ ሌሊት በተማሪ ጎጆ ማደር አትችልም። የጎጃሟን የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ሁላችንም በኩራት እናነሳቸዋለን። ቅኔውን የተማሩት ግን ከአባታቸው ነው፤ አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ኳሱ ቤታቸው ውስጥ ነበረ ማለት ነው። የየኔታ በር ለስንቷ ሴት ልጅ በወሬ ደረጃ ክፍት ሆኖ በመንገዱ ምክንያት እንደተዘጋባት አስቡት። ክፉ ቀን ሲመጣም ዘዴው ይፈርሳል። መንደሩ ሲራብ ተማሪው ይበተናል፣ ዋግ ደግሞ ረሃብን በደንብ ያውቀዋል። በ1977 የዓለም ካሜራ የቆመባት ኮረም ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ ያለች ጎረቤት ናት።

መንግሥት ወደ ትምህርት ሲገባ ሒሳቡን ገለበጠው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ መምህራኑን ከግብጽ አስመጥተው ወጪውን ራሳቸው ቻሉ። ከጣሊያን መውጣት በኋላም የመንግሥት ትምህርት ቤት ነጻ ነበር፤ በብዙዎቹ ደብተሩም፣ መጽሐፉም፣ አንዳንድ ቦታ ልብሱና አዳሩም ጭምር። ኳሱ በጃንሆይ ነው! ያኔ የተማሩ አረጋውያን ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲያወሩ ዐይናቸው የሚያበራው በዚህ ነው።

ግን ገንዘቡ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1947 በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ሐሳቡ ገንዘቡ ለየጠቅላይ ግዛቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ነበር። በተግባር ትምህርት ቤቱ የበዛው በከተማ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ሸዋ፣ ኤርትራ። በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው የዋግ አውራጃ ገበሬ ግብሩን ይከፍላል፣ ልጁ ግን የሚማርበት ትምህርት ቤት የስንት ሰዓት መንገድ ነው። እንግዲህ ይኼን በጎልፍ ቋንቋ ብንተረጉመው፣ ክፍያውን ከፍለህ፣ ኳሱ በሌላ ሜዳ ሲመታ ቆመህ ማየት ነው።

ደርግ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ሲጀምር ኳሱን ማንም ሊዘነጋው አልቻለም። በአንዴ ይኼን ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ለማስተማር መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ማታ ለሚማረው ፋኖስ ያስፈልጋል። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የማንበብና መጻፍ ሽልማት አግኝቷል፣ ይገባውም ነበር። መማሪያው በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጀ። ከ15ቱ ውስጥ ግን ኽምጣና (ኽምጣንጋ የሚሉትም አሉ) የለም። የዋግ አገው እናት ፊደል ልትቆጥር ስትቀመጥ ፊደሉ ሌላ ቋንቋ ያወራል። ከሁሉ የባሰ የኳስ እጦት ይኼ ይመስለኛል፤ አስተማሪው መጣ፣ ክፍያ የለም፣ ደብተሩም ተሰጠ፣ መማሪያው ግን ላንቺ አልተሠራም። ብዙም ሳይቆይ አካባቢው የጦርነት ሜዳ ሆነ፤ ኢሕዴን በ1973 የተመሠረተው በእነዚህ ተራሮች ነው፣ ትምህርቱም ከጠመንጃው ቀጥሎ የሚታሰብ ነገር ሆነ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ነገር አመጣ። ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ በዚህም ኽምጣና ወደ ዋግ ኽምራ ክፍሎች ገባ። ሁለተኛ፣ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ የለም አለ። ነጻ! እንግዲህ ይኼ «ነጻ» የሚለውን ቃል ትንሽ እንግለጠው። ነጻ የሆነው አስተማሪው ነው። ደብተሩን፣ እስክሪብቶውን፣ ዩኒፎርሙን በአብዛኛው የሚገዛው ወላጅ ነው። ከዚያ በየጊዜው «መዋጮ» የሚባል ነገር አለ፤ ለአጥር፣ ለክፍል ግንባታ፣ ለጥበቃ። ከተማ ላለ ሰው የአንድ ደብተር ዋጋ ምንም ላይመስለው ይችላል። አምስት ልጅ ላለው፣ ዝናብ ለተረፈው ዓመት ብቻ ለሚያጭድ የዝቋላ ወይም የሰሃላ ገበሬ ግን መስከረም ላይ ፍየል መሸጥ ማለት ነው። ድሮ ፍየሉ ራሱ ብራና ይሆን ነበር፣ አሁን ገበያ ወጥቶ ደብተር ይሆናል። ለውጡን እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

ነገሩ ሊሠራ የማይችል እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ በ2012 የትምህርት ዘመን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም በነጻ አደለች፤ ምግብም ጀመረች። ኳሱን ክፍያው ውስጥ አስገባች ማለት ነው። ጥሩ አድርጋለች፣ አጨብጭቤያለሁ። ነገር ግን ከሁሉ ቀድሞ ደብተር የተሰጠው ልጅ ከሁሉ ይልቅ ደብተር የቸገረው ልጅ ነበር ወይ? በረሃብ የታወቀችው ሰቆጣ በሐምሌ 2007 ስሟን ለአንድ ትልቅ ሰነድ ሰጥታለች፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት መንግሥት ቃል የገባበት የሰቆጣ ቃል ኪዳን። የቀነጨረ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚቸገር ሐኪሞቹ ደጋግመው ጽፈዋል። የቆሎ ተማሪው ቁራሽና የቃል ኪዳኑ ገንፎ በእኔ ዐይን አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም የትምህርቱ ኳስ ናቸው።

ከዚያ ደግሞ የ2013ና የ2014 ጦርነት መጣ። በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ወደሙ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣ ላይ በመጠለያ ከረሙ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት አገሩን ሁሉ ባጠሩበት ጊዜ ነው ይኼ ሁሉ የሆነው።

አሁን ወደ እኔና ወደ እናንተ ልምጣ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች የወጪ መጋራት ውል ፈርመናል። ብዙዎቻችን ሳናነብ ነው የፈረምነው። (ወረፋው ረጅም ነበር፣ ምን ይደረግ!) ደንቡ፣ ቁጥር 91/1995 የሚባለው፣ ሒሳቡን እንዲህ ነው የከፈለው፦ ከማስተማሪያው ወጪ ተማሪው የሚጋራው ቢያንስ 15 በመቶ፤ ምግቡንና መኝታውን ግን ሙሉ በሙሉ። ቆም ብላችሁ እዩት። ይኼ የየኔታ ሒሳብ ነው! ትምህርቱ በአብዛኛው በሰጪው፣ ቁራሹ በተማሪው። ልዩነቱ፣ ቆሎ ተማሪውን መንደር ሲያበላው ዕዳ አልጻፈበትም፤ እኛን ያበላን ካፌ ግን ከደሞዛችን በየወሩ ይቆረጥለታል።

እኔ የምለው ምንድን ነው? የጎልፍ አስተማሪዎቹ ክርክር መናቅ የለበትም። ኳሱን ክፍያው ውስጥ ስትጨምረው ዋጋው ከፍ ይላል፤ አሥር ኳስ የሚመታው ሰው መቶ ለሚመታው ይከፍላል፤ ነጻ ኳስ ያገኘ ሰው ደግሞ ሳያስብ ይመታል ይላሉ። ሦስተኛውን አልክድም፤ ቀለሙን ራሱ የበጠበጠ ደብተራ አንዲት ጠብታ አያባክንም ነበር። ግን ሁለተኛውን እስቲ ገልብጡት። መቶ ኳስ የሚያስፈልገው ማነው? ገና ያልቻለው ነው። ጎበዙ በአሥር ይበቃዋል። ኳሱን ለብቻ ስታስከፍል ከሁሉ የሚበዛ ዋጋ የምትጭነው ከሁሉ በታች ባለው ተማሪ ላይ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው መጽሐፍ የዘገየበት፣ በጦርነት ሁለት ዓመት ያመለጠው፣ ሳይበላ ክፍል የገባው ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ የበለጠ ደብተር ያስፈልገዋል እንጂ ያነሰ አይደለም።

ስለዚህ ትምህርት ነጻ ነው የሚል ባለሥልጣን በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ደብተሩስ? አንድ ዓመት የትምህርት በጀት ሲጸድቅ የዋግ ኽምራን መስመር ፈልጋችሁ እዩት፤ የመምህራን ደሞዝን ዝለሉና ከዚያ በታች ያለውን ቁጥር አንብቡ።